የድምፅ ቆጠራ

ዝናብ ነበር ያን ለት፤ ማግዳሌና ሞልቶ
የትምህርት ቤታችን ደጅ ድረስ ገብቶ፣
ሱሪ ጠቅልለን ነው ሰልፍ የያዝነው፣
ቦጎታ በፈረመችው ውል ልንፈርድ ነው።
እኔ «ታጣቂ» ስል «ሽፍታ» የሚለኝ፣
ወንድሜ ኤሊዬሰር፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
በግሪስ በጠቆረ በአውራ ጣቱ ጥፍር
«አይ» ላይ ምልክት አርጎ ወጣ ሳይናገር።
እኔ «አዎ» አልኩኝ።

ታናሻችን ዊልማር ገበያ እንደ ወጣ
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ወሬው እንኳ አልመጣ።
ስሙ ከነአባቱ በመዝገቡ ይገኛል፤
ድምፁ የጠፋ ሰው ድምፅ እንዴት ይሰጣል?

ማታ ተቆጠረ። «አይ» በለጠ በጥቂት።
እሱ ርችት ተኮሰ፤ እኔ መስኮት ዘጋሁት።

ዐርብ ጠዋት ደግሞ ራዲዮው ተናገረ፤
ከበረዶ አገር ሽልማት ተበሰረ።
ሁለት ነው የፈረመው፤ አንዱ ተሸለመ።
ወንድሜ መፍቻውን ወርውሮት ቆመ፤
«እኛ የጣልነውን ባዕዳን አነሡት!
አገር ለሸጠ ሰው ሜዳሊያ አጠለቁት!
የዊልማርን ደም በወርቅ መዘኑት!»

እኔስ መች ዝም አልኩ።
«መድኃኒት ቤት ቆሜ ፋሻ የማዝዝ እኔ፣
ከዓመት ዓመት ሲያልቅ ያየሁት በዓይኔ፤
ዘንድሮ ካርቶኑ እንደ ታሸገ አለ፤
ይህ ካላሸለመ፣ ምን ሊያሸልም ኖሯል?»

«እንግዲያ ፋሻሽን ይሸልሙት!» ብሎ
በሩን እንዳይዘጋው እንዳይከፍተው አርጎ
ጥሎኝ ሄደ።
እናቴ ኤርሲሊያ ሶኬቱን ነቀለች፤
«ቆጣሪው ይሮጣል» ብላ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲያማ፣
ከአንድ ድስት እየበላን፣ በአንድ ጣሪያ አድረን፣
እሱ በጓሮ በር፣ እኔ በፊት ወጥተን፣
ሁለተኛው ዓመት እንዲሁ ተቆጠረ፤
ስለ ሰላም ብለን ሰላም መባል ቀረ።

ደብዳቤው የመጣ በሙዝ ጀልባ ነው።
ኦቪዲዮ የሚሉት፣ ቀኝ እጅ የሌለው፣
ከጫካ የወጣ፣ ዳኛ ፊት ተቀምጦ
ተናገረ አሉን፣ ካርታውን ገልጦ፤
«ከሴይባው ዛፍ ሥር፣ ወደ ጅረቱ ሰባት ርምጃ።»
ያናዘዘው ውሉ ነው፤ አንቀጹም ተጠቅሷል፤
ወንድሜ «አይ» ያለው እዚያው ውስጥ ይገኛል።
አነበበው። አጠፈው። ኪሱ ከተተው።

ሲቆፈር ቆመናል።
ኦቪዲዮ ካቴና የለው፣ ዘብ የለው፣
በግራ እጁ ባርኔጣውን ይዞ ከጎናችን ነው።
እኔ «አዎ» ባይዋ፣ ስለ ምሕረት ያወራሁ፣
ፊቱን ማየት አቅቶኝ ጫማውን አየሁ፤
አዲስ ጫማ ነበር፣ ጭቃ ያልለመደ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጫማው አናደደኝ።

ሳጥኑ ትንሽ ነው።
የሞተር ዕቃ ከሚመጣበት ካርቶን ያንሳል።
ኤሊዬሰር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ታቀፈው።
«ይከብዳል?» አልኩት።
«ዊልማር ድሮም ቀላል ነበር» አለኝ።
በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

ሲመሽ የመንግሥቱ ጀልባ ሞተሩ ጠፋ፤
ኦቪዲዮ ዳር ቀረ፣ የሚወስደው ጠፋ።
ወንድሜ ሳጥኑን ለእኔ አቀበለኝ፤
በአገጩ ጠቀሰው፤ «ግባ» ብሎ አስደነገጠኝ።
ሦስት ሰዓት ተጓዝን፣ ሞተር ብቻ እያወራ።
ወደቡ ላይ ሲደርስ፣ በሻማ መብራት
የጉዞውን ሂሳብ እንደ ማንም ጠየቀው፤
መልሱን ግን ሳንቲም ሳያጎድል ቆጠረለት።

እንዳይመስላችሁ ነገሩ ያለቀ።
አሁንም ያን ወርቅ «ወንዝ ይግባ!» ይላል፤
አሁንም እላለሁ፣ «ይገባው ነበር»፤
በመጪው ምርጫም እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ነን።
ብቻ ትናንት ጠዋት መድኃኒት ቤት ስከፍት፣
መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያልፍ፣
«ሰላም» አለኝ።
ደነገጥኩ፤ አፌን ከፈትኩ።
«ሰላምታ ነው» አለ፣ ሳይቆም፣ ሳይዞር፤
«ሰላምሽን ደገፍኩ አላልኩም።»